ሠርገኛ ጤፍ እና የፔሊካኑ እግር፦ በጣና ዳር የኖይዝ ማጽጃ ሶፍትዌሮች ፍተሻ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ ደንገሉ ሥር ተቀመጥኩ። 340 ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ስከፍታቸው ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ያ ከውኃው በላይ አንድ ቦታ እየተርገበገበ ቆሞ ቁልቁል የሚወረወረው፣ በፈለግሁት ቦታ ላይ አለ። ዓይኑም ጠርቶ ይታያል። ምስሉ ግን ሠርገኛ ጤፍ የተበተነበት ነጠላ መስሏል። ነጩ ደረቱ ላይ ግራጫ ፍርፋሪ፣ ጥቁሩ ክንፉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሞልቶበታል።

ካሜራዬ ኒኮን ዲ500 ነው፤ ሌንሱ ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ አፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው) 5.6። በዚህ ወር ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። ወፎቹ ግን እሷን አይጠብቁም፤ ሰማዩ ገና ሲገረጣ ዓሣ ፍለጋ ይጀምራሉ። የሚርገበገብ ክንፍ ለማስቆም ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ከ1/1000 ሴኮንድ ፍጥነት በታች ላወርደው አልቻልኩም፤ ስለዚህ አይኤስኦው፣ ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን የሚያጎላበት መጠን፣ 12800 ደረሰ።

እንዲህ ያለው ነጠብጣብ ኖይዝ ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚመጣው ከአይኤስኦ ይመስለዋል። የሚመጣው ከብርሃን ማነስ ነው። ብርሃን እንደ ካፊያ በጠብታ ነው የሚወርደው። ካፊያ ላይ መቶ ሲኒ ደርድረህ ለጥቂት ጊዜ ብትተዋቸው እኩል ውኃ አይገኝባቸውም፤ አንዱ ጥቂት ይበልጣል፣ ሌላው ጥቂት ይጎድላል። በአማካይ 100 ጠብታ ከገባባቸው ልዩነቱ 10 ያህል ነው፤ ይህም 10 በመቶ ነው። 10,000 ጠብታ ከገባ ልዩነቱ 100 ይሆናል፤ ይህ ግን አንድ በመቶ ብቻ ስለሆነ ዓይን አያየውም። ሲኒዎቹ የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ገጽ፣ ፒክስሎች ናቸው። አይኤስኦ መጨመር ጠብታውን አያበዛም፤ ያለውን ከነጉድለቱ ያጎላዋል እንጂ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የንጋት ፎቶዎቼን ስደመስስ ኖሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አልደመስስም። ማጽጃዎቹን አንድ በአንድ ፈትሼ ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ። የምፈልገው ነጠብጣቡን አንሥቶ ወፏን እንዳለች የሚተውልኝን ነው።

ታኅሣሥ 7

ሌሊት ኔትዎርኩ ሲሻል ስድስት ሶፍትዌሮችን አወረድኩ። አራቱ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ለሙከራ የሚሰጡትን ጊዜ ነው የምጠቀመው።

የአዶቤ ላይትሩም ዲኖይዝ የሚባለው ማጽጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ነው። የዲኤክስኦ ፒዩርሮው በ2021 የወጣ ሲሆን በውስጡ ያለው ዲፕፕራይም የተባለው ማጽጃ ግን ከዚያ በፊት በ2020 ነው የመጣው። ቶፓዝ ፎቶ ኤአይ የ2022፣ ኦንዋን ኖኖይዝ ኤአይ የ2021 ነው። ሁለቱ ነፃ ናቸው፦ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ።

ስለ ዲኤክስኦ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። እያንዳንዱ ፒክስል የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ሙሉው ቀለም የሚገኘው ጎረቤቶቹን ጠይቆ በማስላት ነው። ዲፕፕራይም ይህን ስሌትና ጽዳቱን በአንድ ላይ ይሠራቸዋል። አስቀድሞ ተሰልቶ ሲያበቃ ቢጸዳ፣ የአንዱ ፒክስል ስሕተት ወደ ጎረቤቱ ተዛምቶ ይቆያልና ሐሳቡ ተገቢ ነው። ከዚህም ስለሚነሣ ሁሉንም በሮው ፋይል፣ ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ ነው የምፈትሸው። ጄፔግ ካሜራው ውስጥ አንዴ ታጥቦ የወጣ ነው፤ የሚፈተሽ ነገር አልቀረበትም።

ዳርክቴብል ደግሞ የአብዛኞቹን ካሜራዎች የኖይዝ መጠን በየአይኤስኦው ተለክቶ ይዞታል። ፋይሉን ሲከፍት ካሜራውንና አይኤስኦውን ያነብና ከዚያ ልኬት ይነሣል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለበትም፤ የሚሠራው ሒሳብ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 9

ዋናው ችግር ይህ ነበር። የጸዳው ምስል እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ወፏ ሄዳለች። ኖይዝ የሌለበት ቅጂ የለኝም።

መፍትሔው ከጓሮ ተገኘ። እናቴ ከምታረባቸው ዶሮዎች አንዷ ገብስማ ናት። ጾም ስለሆነ የሚታረድ የለም፤ ነገር ግን ቆጡ ሥር ራሷ የጣለችው የክንፍ ላባ አገኘሁ። ገብስማ ላባ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ጥቁርና ነጩ መስመር እንደ ጥለት ተደርድሮበታል፤ ቀረብ ብለህ ስታየው ከዘንጉ ግራና ቀኝ የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ላባውን ደረቅ ደንገል ላይ በክር አሠርኩት፤ መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ዘጋሁ፤ ካሜራውን በትራይፖድ አቆምኩ። በዚያው ብርሃን፣ በዚያው አፐርቸር ሁለት ፎቶ አነሣሁ። አንዱ በአይኤስኦ 100 ለ8 ሴኮንድ፣ ሌላው በአይኤስኦ 12800 በ1/15 ሴኮንድ። አይኤስኦው 128 እጥፍ ሲጨምር ጊዜው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሁለቱ ብሩህነት እኩል ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ያው ሠርገኛ ጤፍ። አሁን እውነቱ በእጄ አለ፤ ማንኛውም ማጽጃ ሁለተኛውን ፋይል አጽድቶ ወደ መጀመሪያው ምን ያህል እንደቀረበ ማየት ይቻላል።

በአንድ ጊዜ አልተሳካም። ሁለት ጊዜ የ8 ሴኮንዱ ፎቶ ደብዝዞ ወጣ። በመጀመሪያ የትራይፖዱ ጥፋት መሰለኝ። ኋላ ከበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ የላባውን ጫፍ እንደሚያወዛውዘው አየሁ፤ በጣም ጥቂት፣ አጠገቡ ካልተጎነበሱ የማይታይ። በሩ ሥር ፎጣ ወትፌ፣ ካሜራውን በታይመር ለቅቄ፣ ትንፋሼን ይዤ ጥግ ቆምኩ። ሦስተኛው ተሳካ።

ታኅሣሥ 10

መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ እነዚህን ሶፍትዌሮች አይችላቸውም፤ ግራፊክስ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ይይዙታል። ዕረፍት።

ታኅሣሥ 12

ስድስቱም ያንን የላባ ፋይል አጸዱ። ስሙን ካወቅሁ ዓይኔ ያዳላል፤ ውድ የሆነውን የተሻለ አድርጌ ማየቴ አይቀርም። ስለዚህ እህቴን ጠራሁና ስሞቹን ሁሉ ቀይራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ እንድትላቸው፣ ያልጸዳውንም ሰ ብላ እንድትጨምረው ለመንኳት።

«የትኛው የትኛው እንደሆነ ጽፌ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ እስክትጨርስ አልነግርህም» አለችኝ።

«ብለምንሽም?»

«ብትለምነኝም።»

ከመቁጠሬ በፊት በዓይኔ ብቻ ፈረድኩ። አንደኛ ያወጣሁት ሐን ነው። ላባው ጥርት ብሎ፣ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ፣ ጀርባው እንደ ሐር ለስልሶ ይታያል። ሀ እና ረ ሁለተኛ ሆኑ። መ ደብዘዝ አለብኝ። ለ ሳሙና የተቀባ መሰለኝ። ሠ ላይ ነጠብጣቡ በመጠኑ ቀርቷል።

ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። የላባው ጫፍ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ነጭ መስመር ላይ፣ በአይኤስኦ 100 ፎቶ፣ 23 ክሮች አሉ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ 23 ነው ያገኘሁት። ሀ ላይ 22። ረ ላይ 21። ሠ ላይ ነጠብጣቡ ቢያስቸግርም 22። መ 19፣ ለ 15።

ሐ 31።

ደግሜ ቆጠርኩ። 31። ገብስማዋ ያልነበራትን 8 ክር ሐ አብቅሎላታል። እያንዳንዳቸውም በትክክለኛው አቅጣጫ የተጋደሙ፣ ስፋታቸው የተመጠነ፣ ያማሩ ናቸው። እውነተኛውን ጎን ለጎን ባላስቀምጥ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ሲታሰብ አይገርምም። እነዚህ ሶፍትዌሮች እጅግ ብዙ ምስሎችን፣ ንጹሑንና ነጠብጣባሙን እያመሳከሩ የተማሩ ናቸው። የጠፋ ነገር ሲያጋጥማቸው በተማሩት መሠረት ሊኖር ይችላል የሚሉትን ይሞላሉ። የቆሎ ተማሪ የዘነጋትን ቃል በዜማው መሠረት እንደሚሞላት ማለት ነው፤ ዜማው ይሰምራል፣ ቃሉ ግን የመጽሐፉ ላይሆን ይችላል።

ማታ ለእናቴ አሳየኋት። ሰባቱንም በተራ አየች። ሐ ላይ ቆማ «ይቺ ናት የኔ ዶሮ፤ እንዴት አምራለች!» አለች። እኔም ጠዋት የመረጥኩት እሱኑ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ዓይን ሐሰተኛውን ይወደዋል።

ታኅሣሥ 14

ከላባ ወደ ሕይወት ያለው ነገር። በዓባይ መውጫ ዓሣ አጥማጁ ወፍ ውኃውን ሰንጥቆ ሲወጣ የተነሣ አንድ ፎቶ አለኝ፤ አይኤስኦ 10000፣ 1/2000። ከአፉ አንዲት ቀረሶ ጫጩት ተንጠልጥላለች፤ ዙሪያውን የውኃ ፍንጥቅጣቂ።

ውኃው ነው ፈተናው። የውኃ ጠብታ ትንሽ ነጭ ነጥብ ናት፤ ኖይዝም ትንሽ ነጭ ነጥብ ነው። ለ አብዛኛውን ፍንጥቅጣቂ ጠርጎ ወስዶታል፤ ወፉ ከውኃ ሳይሆን ከደመና የወጣ ይመስላል። መ ትልልቆቹን ትቶ ትንንሾቹን ወሰደ። ሀ በደንብ ጠብቋቸዋል። ሐ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ የጨመረም የቀነሰም አላየሁበትም።

በጀርባ ያለው እምቦጭ ግን ሁሉንም አስቸገረ። ከትኩረት ውጭ የሆነው ቅጠል አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ሲደበዝዝ፣ ሐ ቅጠል ያልነበረበት ቦታ ላይ የቅጠል ሥር ሣለበት። ለወፉ ብዬ ነው ያነሣሁትና እምቦጩ ብዙም አላሳሰበኝም። ይህ አረም ጣናን ከወረረ ዘመን ተቆጥሯል፤ በየፎቶዬ ጀርባ አለ።

ታኅሣሥ 17

ይህን ቀን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣቸውን የሚያርዱበት ዳርቻ ነበርኩ። ነጮቹ ፔሊካኖች የአንጀቱን ፍርፋሪ ሲጠብቁ ሰው አይፈሩም፤ ከእኔ 12 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። 12 ሰዓት ከ35 ነው፤ ፀሐይ አልወጣችም። የቆሙ ስለሆኑ ሹተሩን ወደ 1/500 አወረድኩ፤ አይኤስኦው 6400 ሆነ። አንዱ ላይ አተኩሬ ወደ 40 ፎቶ አነሣሁ፤ ግዙፍ ነው፤ የጉሮሮው ከረጢት በንጋቱ ብርሃን የበሰለ ሎሚ መስሏል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በሐ አስጸዳኋቸው። አዎ፣ 31ዱን ክር እያወቅሁ። ምክንያቴ ፔሊካን ትልቅ ወፍ ነው፣ አንድ ሁለት ክር ቢጨምርለት ምን ይሆናል የሚል ነበር። ፎቶዎቹ በጣም አማሩ። አንዱን መርጬ ላትመው አዘጋጀሁ።

ማታ ደግሜ በተርታ ሳያቸው አንድ ነገር ከነከነኝ። በ40ው ሁሉ ወፉ የግራ እግሩን ከፍ አድርጎ ወደ ቀኙ አስጠግቶታል። ፔሊካን በአንድ እግሩ ያርፋል፤ እሱ እንግዳ አይደለም። ይህ ግን አላረፈም፤ እግሩን ሊያወርድ ሲል መልሶ ያነሣል፣ ደግሞ ሊያወርድ ሲል ያነሣል። በጸዳው ፎቶ ላይ እግሮቹን አጉልቼ አየሁ። ብርቱካንማ ቆዳ፣ ለስላሳ፣ ምንም የለበትም።

ሮው ፋይሉን ሳይጸዳ ከፈትኩት። በነጠብጣቡ መካከል ከግራ ቁርጭምጭሚቱ ተነሥታ ወደ ቀኙ የምትሄድ ቀጭን ነጭ መስመር አለች።

ክር ናት።

አንገቴን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። ሁለት ጊዜ ተጠምጥማለች፤ ቆዳው ከሥሯ ገባ ብሏል። ከኋላ ጫፏ ተንጠልጥሎ ይታያል። በሚቀጥለው ፎቶም አለች፤ በሚቀጥለውም። ነጠብጣቡ ከፎቶ ፎቶ ቦታውን ይቀያይራል፤ ክሯ ግን እዚያው ናት። ኖይዝ እንዳልሆነች በዚህ ይታወቃል።

ወደ ሐ ተመለስኩ። ክሯ የለችም። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ቅንጣቢዋ ቀርታ እንደ ቆዳ መጨማደድ ተደርጋ ተሠርታለች። የወፉን ሥቃይ ከፎቶው ላይ አጥቤ፣ አሳምሬ፣ ልሰቅለው ነበር። ሌሊቱን ብዙ አልተኛሁም።

ታኅሣሥ 18

ለምን እንደጠፋች ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የመረብ ክር 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ በ500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ12 ሜትር ላይ ሲታይ ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ 24 እጥፍ ያንሳል። የዲ500 አንድ ፒክስል 4.2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ክሯ የምትሸፍነው ሁለት ፒክስል ብቻ ነው። የኖይዙ ነጠብጣብም አንድ ሁለት ፒክስል ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ለመለየት ያለው ብቸኛ ፍንጭ ክሯ መስመር መሆኗ ነው፤ መስመሯ ደግሞ በነጠብጣቡ እየተቆራረጠች ነው የምትታየው። የወፍ እግር ላይ ክር ይኖራል ብሎ የማይጠብቅ ማጽጃ ቢያጠፋት ብዙ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ሳያይ ያመነው ሰው ነው፤ ማለትም እኔ።

ስድስቱንም በዚሁ ፋይል ላይ ሞከርኳቸው። ሀ ክሯን ሙሉ በሙሉ አስቀርቷታል። ረ አደብዝዞ። ሠ ነጠብጣብ ቢተውም ክሯ አለች። ለና መ ላይ ግማሿ ጠፍቷል። የሐን ኃይል መለኪያ ከ100 ወደ 40 ባወርደው ክሯ ተመለሰች። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፦ አብዛኞቹ ማጽጃዎች የኃይል መለኪያ አላቸው፤ መጠኑን ራሳቸው እንዲመርጡ ከተተዉ የሚያዳሉት ወደ ንጽሕናው ነው።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል ነው። ሥራ የለም። እህቴ ደብተሯን ከፍታ ስሞቹን ነገረችኝ።

በፊደል የጻፍኩትን በስም አልለውጠውም። የእኔ ካሜራ፣ የእኔ ላፕቶፕ፣ በዚህ ወር ያሉት ቅጂዎች ናቸው፤ እነዚህ ሶፍትዌሮች በየጥቂት ወሩ ይለወጣሉ፤ የዛሬው ሐ በሚቀጥለው ዓመት ሀን ሊያስከነዳ ይችላል። ላባ፣ ትራይፖድና ስሙን የሚሸሽግ ሰው ያለው ሁሉ በራሱ ካሜራ በአንድ ቀን ሊደግመው ይችላል። ሠ ብቻ ዳርክቴብል መሆኑን እናገራለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምሠራው በእሱ ስለሆነ።

ታኅሣሥ 20

የዳርክቴብል አሠራሬ እነሆ። የቀለሙን ኖይዝና የብሩህነቱን ኖይዝ ለየብቻ ነው የምይዛቸው። ቀይና አረንጓዴው ነጠብጣብ የወፏ ሊሆን አይችልም፤ እሱን ያለ ርኅራኄ አጠፋዋለሁ። የላባው ክር፣ የውኃው ጠብታ፣ የመረቡ ክር ያሉት በብሩህነቱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እሱን በጥቂቱ ብቻ እነካለሁ። ግራጫው ፍርፋሪ ይቀራል። ይቅር። ሠርገኛው ጤፍ ነጭ ጤፍ ሲሆን ዓይን ይችለዋል።

ከዚያ ማስክ። በወፏ ዙሪያ አሰምራለሁ፤ ከማስኩ ውጭ ያለውን ውኃና ሰማይ አጥብቄ አጸዳለሁ፤ ወፏን ግን በስሱ። ዓይን ኖይዝን ቶሎ የሚያየው ለስላሳ ቦታ ላይ ነው፤ ላባ ላይ ራሱ ላባው ይሸሽገዋል። ማሾሉን (የጠርዞቹን ጥራት ማጉላቱን) ከጽዳቱ በኋላ ነው የምሠራው፤ ቀድሜ ካሾልኩ ነጠብጣቡንም አብሬ አሾለዋለሁ።

ከሚከፈልባቸው አንዱን ማለትም ሀን ለሰማይና ለውኃ ልጠቀምበት እያሰብኩ ነው፤ የጸዳውን ከላይ፣ ያልጸዳውን ከሥር አድርጌ በ60 በመቶ ግልጽነት ማቀላቀል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ ግን በእኔ ላፕቶፕ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል።

ሮው ፋይሉን ፈጽሞ አለመደምሰስ። የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺ የሚባለው የለንደኑ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውድድር እንኳ ለመጨረሻው ዙር ካለፉ ሰዎች ሮው ፋይላቸውን ይጠይቃል።

ታኅሣሥ 22

ፎቶ ቤት ሄጄ ሦስቱን አሳተምኩ፦ ያልጸዳውን፣ በዳርክቴብል የጸዳውን፣ በሐ የጸዳውን። የዲ500 ሙሉ ፎቶ 5568 በ3712 ፒክስል ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 47 በ31 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለኤ3 ወረቀት ይበቃል።

ወረቀት ላይ ሌላ ነገር ነው። በስክሪን መቶ በመቶ አጉልቼ ሳየው ያስጨነቀኝ ፍርፋሪ በክንድ ርቀት ሲታይ ግማሹ የለም። ያልጸዳው እንኳ ብዙም አያስከፋም። አታሚው ልጅ የዳርክቴብሉንና የሐን ጎን ለጎን ይዞ «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለኝ። እግሩን በጣቴ አሳየሁት። አጎንብሶ አየና ዝም አለ።

ፎቶውን ቆርጬ ሩቡን ብቻ ካሳተምኩ ግን ነገሩ ይለወጣል። 2784 በ1856 ፒክስል ነው የሚቀረኝ፤ ያንን ኤ3 ላይ ስዘረጋው እያንዳንዱ ነጠብጣብ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ኖይዙን የሚያበዛብን አንዳንዴ ርቀታችን ነው። ወደ ወፏ አሥር እርምጃ መቅረብ ስድስቱም ማጽጃዎች ከሚሰጡኝ ይበልጣል፤ ካልተረበሸች።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ሶፍትዌር አልከፈትኩም። ዳርቻው ላይ ብርሃኑን ስለካ አነጋሁ። 12 ሰዓት ከ25 ላይ አይኤስኦ 12800 የጠየቀኝ ቦታ 1 ሰዓት ላይ 1600 በቃው። ሦስት ስቶፕ (ብርሃኑ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ)፣ ስምንት እጥፍ ብርሃን፣ በ35 ደቂቃ።

ሌላም ነገር ሞከርኩ። ቆመው ለሚያንቀላፉት ወፎች ሹተሩን 1/125 ድረስ አውርጄ በተከታታይ 10፣ 10 ፎቶ ማንሣት። ዘጠኙ ይደበዝዛል፤ አንዱ ይጠራል። ያ አንዱ ከ1/1000ው ስምንት እጥፍ ብርሃን አለው። ኤክስፖዠሩንም (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ነጩ ላባ እስከማይቃጠል ድረስ ወደ ላይ ገፋ አደርጋለሁ። ጨለማ አንሥቶ ኋላ ማብራት ኖይዙን ከጥላው ውስጥ ቀስቅሶ ማውጣት ነው።

ፔሊካኑን ፈለግሁት። አልመጣም።

ታኅሣሥ 27

ሁለቱን ህትመቶች፣ የሐንና የዳርክቴብሉን፣ ጠቅልዬ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ዓሣ ከሚያርዱት መካከል በዕድሜ ትልቁን አጥማጅ ጋሼ ነው የምላቸው። በመጀመሪያ የሐን ሰጠኋቸው።

«ጥሩ ወፍ ነው» አሉ። «ምን ሆነ?»

ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ክሯን አላሳየኋቸውም፤ ራሳቸው አገኟት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከላይ እስከ ታች ተከተሏት፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይኼ የመንጠቆ ክር አይደለም፤ መረብ ነው። አየሃት ይቺን? ቋጠሮ ናት። ይቺም ሌላዋ።»

እኔ ነጠብጣብ ነው ብዬ ያለፍኳት ነች። ሁለት ነጫጭ ነጥቦች፣ በክሯ ላይ፣ በመካከላቸው የጣት ስፋት።

«የዓይኑን ጥበት እይ» አሉ። «ጫጩት ሳይቀር የሚለቅመው ነው። ተቀዶ ሲጣል ውኃው ውስጥ ይቀራል፤ አይበሰብስም።»

«ጋሼ፣ ሊፈታ ይችላል?»

«ከመጣ። ዓሣ አይቶ ይመጣል።»

3 ሰዓት ላይ መጣ። ከሌሎቹ ተለይቶ፣ እያነከሰ። ጋሼ የአምባዛ ጭንቅላት ወረወሩለት፤ ቀረብ አለ፣ ዋጠ፣ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ክንፉን ዘርግቶ ወደ ውኃው ሸሸ። ሁለተኛም ሞከሩ። ሦስተኛ ሲሉ ጀልባ መጥቶ አባረረው።

እግሩን በደንብ አነሣሁት፦ አይኤስኦ 400፣ 1/1000፣ ሙሉ ፀሐይ። አሁን አራት ቋጠሮ ይቆጠራል፤ ቁስሉም ይታያል። ነገ ጠዋት ጋሼ ሰፊ ጋቢና መቀስ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ወፉን እይዛለሁ፤ ካሜራውን እህቴ ትይዛለች።